ፊልሙ የሚበጠስበት ቦታ

ጥቅምት 3 ቀን 2017፣ እሑድ
ግፊት 138 በ84።

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ትርሲት ናት። ነርስ ናት፤ እቤት ስትገባም ነርስነቷን አታወልቅም። ጠዋት ጠዋት የደም ግፊቴን ለክቼ ቁጥሩን እንድጽፍ አዘዘችኝ። «አባዬ፣ ሌላ ነገር እንዳትጽፍበት፤ ለዶክተሩ የምናሳየው ነው» አለች። እንዲያ ባትለኝ ኖሮ ምናልባት ቁጥሩን ብቻ እጽፍ ነበር። ዶክተሩ አማርኛ አያውቅ፣ ትርሲት የእጅ ጽሑፌን አታነብ። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የት ይገኛል?

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስለ ሙት ዓመቱ ተነጋገርን። ባለቤቴ ፅጌ ያረፈችው አምና በኅዳር ሚካኤል ነው። ድግሱ ቅዳሜ ኅዳር 14 ይሁን ተባለ። ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ስለ ምግቡ ሐሳብ ሳቀርብ የሰማኝ የለም። ሽንኩርት የመላጥ ሥልጣን እንኳ የለኝም።

ከዚያ የልጅ ልጄ ሶሊያና ከፅጌ መሳቢያ ያገኘችውን ይዛ መጣች። ካሴቱን።

«አባባ! አንተና እማማ የዘፈናችሁት የህንድ ዘፈን! በሙት ዓመቱ ላይ ፕሌይ እናድርገው?»

ትርሲት እንባዋ መጣ። ሁሉም እሺ አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ጥቅምት 6
141 በ86።

ሶሊያና እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ታጸዳለች። ሰው ሲጠይቀኝ «ጽዳት ነው የምትሠራው» እላለሁ። ትናደዳለች፤ ደስ ይለኛል። ዛሬ ካሴቱን ልታጸዳው ወሰደችው።

«አባባ፣ ታውቃለህ? በነዚያ የድሮ የህንድ ፊልሞች ላይ ተዋናዮቹ አይደሉም የሚዘፍኑት። ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ሰው ይዘፍናል። እነሱ አፋቸውን ብቻ ነው ሙቭ የሚያደርጉት።»

«አፍ ማንቀሳቀስም ሙያ ነው።»

«ሶ፣ አንድ ድምፅ ለስንት ፊት እንደዘፈነ አስበው! ፊቱ ያረጃል፤ ድምፁ እዚያው ነው።»

«ድምፁ የተወሰደበት ሰውየስ ምን ይላል?»

«ማን ወሰደበት? መጨረሻ ላይ ስሙ ይጻፋል እኮ።»

ስሙ ይጻፋል። ጥሩ።

ጥቅምት 9
አልለካሁም። ትርሲት ከጠየቀች 135።

ጠዋት ሰው አፏጨ። ከመስኮቴ በታች። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። ወጥቼ አየሁ፤ ማንም። ከማዶ ካለው ሬስቶራንት የደንበኛ መኪና የሚያቆመው ሰውዬ ይሆናል። እኔም በዚህ ከተማ ሃያ ዓመት መኪና አቁሜአለሁ። እንደዚያ አያፏጩም።

ጥቅምት 13
144 በ88።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሻይ ቤት ከአድማሱ ጋር ሻይ ጠጣሁ። አድማሱ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ የደሴ ሰው ነው። እስካሁን ሲያወራ በመስታወት የኋላውን ተሳፋሪ የሚያይ ይመስላል። ሶሊያና ስለ ካሴቱ ነግራዋለች።

«ወንዴ፣ እስቲ በአፍህ አስጀምረው! አንተ ወንዱን፣ እኔ ሴቷን።»

«በዚህ ጢም?»

«ህንዷ ከኔ በምን ትበልጣለች? ዛፍ አምጣልኝ እንጂ እዞርልሃለሁ!»

ቤቱ ሳቀ። የወንዱን ጀመርኩ፤ እሱ የሴቷን መለሰ። ሁለታችንም የምንለውን አናውቅም፤ ግን አንዷን ቃል አንስትም። ሦስተኛው ስንኝ ጋ ስደርስ ዝም አልኩ። አድማሱ ቀጠለ። ቃል ሞልቶታል።

«ረሳኸው እንዴ?»

«እኛ ሰፈር እዚህ ጋ ቃል የለም።»

«ደሴ አለ!»

ይህን ለማንም አስረድቼ አላውቅም። መርካቶ ያለው የኛ ሲኒማ የነበረው ፊልም አንድ ነው፤ ያረጀ። ሁልጊዜ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ይበጠሳል። መብራት ይበራል፤ አዳራሹ በሙሉ ያፏጫል፤ ፊልሙን የሚያሳየው ሰውዬ እስኪቀጥለው ድረስ ፉጨት ነው። ሲጀምር ስንኙ አልፏል። እኛ ደግሞ ዘፈን የምናጠናው በጆሯችን ሰምተን፣ በኛ ፊደል ደብተር ላይ ገልብጠን ነበር። ስንኙን ማንም ሰምቶት ስለማያውቅ በቦታው «ፉጨት» ብለን ጻፍን። በዚያው ቀረ። ሠርግ ላይ ሲዘፈን እንኳ የኛ ሰፈር ልጆች እዚያ ጋ ሲደርሱ ያፏጫሉ፤ ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው አብደው ነው ይላል።

ለምን እንደዚያ እንወደው ነበር? ወንዱ ይጠይቃል፣ ሴቷ ትመልሳለች፣ መሃላቸው ዛፍ አለ። በኛ ሰፈር ወንድና ሴት ልጅ መንገድ ላይ ቆመው ማውራት ነውር ነበር። በህንድኛ ግን ማን ይከለክላል? አንዱ ከአጥር ወዲህ ይጀምራል፤ አንዷ ልብስ እያሰጣች ከአጥር ወዲያ ትመልሳለች። እናትየው ሰምታ «እነዚህ ልጆች በፊልም ጠፉ» ትላለች። ሌላ ነገር አይመስላትም።

«ታዲያ አፏጭዋ!» አለኝ አድማሱ።

«ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው።»

እውነት ነው። ጥርሴን ያስነቀልኩት ግን የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ማንም አልጠየቀኝም።

ጥቅምት 17፣ እሑድ
አልለካሁም። ልለካም አልፈልግም።

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ስልሳ ዓመት የምትሆን ሴት ወደተቀመጥንበት መጣች። ስታናግረኝ ፊቷን አላዞረችልኝም፤ የቀኝ ጆሮዋን እንጂ። ኩራት መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ ወንድምአገኝ፣ አላወቁኝም? ሣህሊቱ ነኝ። የዘርዓብሩክ እህት።»

ያስታወስኳት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ነው። አሜሪካ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሎንግ ቢች ከልጇ ጋር ትኖራለች።

ዘርዓብሩክ ከአጥራችን ማዶ ያደገ ጓደኛዬ ነው። በየካቲት 1970 ጠፋ። ሰው ሁሉ «ጠፋ» ነው የሚለው።

«አንቱና እትዬ ፅጌ የዘፈናችሁት ካሴት አለ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች። «ምናልባት በጀርባው፣ በአንዱ ጥግ፣ የሱም ድምፅ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ።»

ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጣች። የሱ ደብተር ነው፤ ጽሑፉን አወቅሁት። የህንድ ዘፈን በኛ ፊደል፣ ወንዱ በሰማያዊ፣ ሴቷ በቀይ እስክሪብቶ።

«ጽሑፉ እኔ ጋ አለ። ፊቱንም በፎቶ አየዋለሁ። ድምፁ ግን ከጆሮዬ ጠፋ። አንዳንዴ ሰማሁት ብዬ ደስ ይለኛል፤ ቆይቼ ሳስበው የአባቴ ድምፅ ነው። አሁን ደግሞ የግራ ጆሮዬ ሄዷል፤ የቀኙንም ‘ዓመት ቢቆይ ነው’ ብለውኛል። ሳይዘጋብኝ አንድ ጊዜ ብሰማው። ሳቅም ቢሆን ይበቃኛል።»

«እስቲ እንፈልጋለን» አልኩ።

እጄን ሳመችኝ።

ጥቅምት 18
161 በ97። ስርዝ። 136 በ84።

ካሴቱን ከሶሊያና አስመለስኩ። የተልባው ጣሳ ውስጥ ቀበርኩት። በዚህ ቤት ተልባ የሚጠጣ የለም። በሰባ ሦስት ዓመቴ የሌብነት ሥራ ጀመርኩ።

ጥቅምት 22
152 በ93።

«አባባ፣ ካሴቱን ለምንድን ነው ተልባ ውስጥ የደበቅከው?»

«ማን ደበቀ?»

«እማዬ ለሆዷ ተልባ ልትጠጣ ስትል አገኘችው። ኤኒዌይ ኮፒው እኔ ጋ ነው። ስማው፣ አጽድቼዋለሁ።»

በማዳመጫ ሁለቱን ጆሮዬን ደፈነችብኝ።

ፅጌ። ሃያ ዓመቷ ነበር። ወንዱ ጠይቆ ሳይጨርስ ነው የምትገባው፤ መጠበቅ አትችልም፤ ጥያቄውን ታውቀዋለች። ከዚያ ፉጨቱ መጣ፣ ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም፤ ድሮ እንደ ዝናብ ያንኳኳ የነበረው የቴፑ ጩኸት ስለጠፋ ከጀርባዬ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ዞሬ አየሁ። ሶሊያና ዞሬ ማየቴን አየች።

«አሁን መጨረሻውን ስማ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ። ከዚህ በፊት አይሰማም ነበር።»

አንድ ሰው፣ ከመቅጃው አጠገብ፣ በፍርሃት፦ «ፉጨቱን ቀነስ አድርገው፤ ሰው ይሰማል።»

«ይሄ ማነው፣ አባባ?»

«ጎረቤት ነው።»

«ጎረቤቱ የሚናገረው ልክ እንዳንተ ነው።»

«በኛ ሰፈር ሁሉም እንደኔ ነበር የሚናገረው። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

አልሳቀችም። ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ኦኬ፣ አባባ» አለች። እናቷ ለበሽተኞቿ የምትለው ኦኬ ነው።

ጥቅምት 28
158 በ95። ይህን አልሰረዝኩትም።

ዛሬም አፏጨ። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። ሶሊያና ነበረች፤ ስለዚህ «ሰማሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሰማሁ። ወፍ ናት። እዚህ ሎስ አንጀለስ የሰማችውን ድምፅ ሁሉ የምትቀዳ ወፍ አለች። የመኪና አላርም ሳይቀር።»

ከማን ቀዳችው? አልጠየቅኋትም።

ነገሩ ቀልድ ነበር። ትርሲት ስድስት ዓመቷ ሳለ ካሴቱን ሰምታ «ከእማዬ ጋር የሚዘፍነው ማነው?» አለች። ፅጌ ዕቃ እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘግታ አየችኝ። መልስ እየጠበቀች። እኔ «አባትሽ ነው እንጂ ማን ይሆናል!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ፅጌ ሳቀች። ውሃውን መልሳ ከፈተችው። በሚቀጥለው ቀን ማስተካከል ይቻል ነበር። ቀልድ ሲያረጅ ይታመናል።

ከኔ ጋር አንድም ቀን ዘፍና አታውቅም። «ድምፄ ሄዷል» ትለኝ ነበር። የሱዳንን በረሃ ስናቋርጥ ግን የአንገት ወርቋን ሸጣ ካሴቱን በደረቷ ይዛ ነው የመጣችው። የቀዳሁት እኔ ስለነበርኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አንድ ጊዜ፣ ከተጋባን በኋላ፣ ካርቱም እያለን፣ ሽሮ እያማሰለች ጠየቀችኝ፦ «በዚያ በየካቲት ሰሞን እንቅልፍህ ከባድ ነበር?»

«በጣም ከባድ ነበር» አልኩ።

«እም» አለች። ሽሮው እንዳይጓጉል ማማሰሏን ቀጠለች። ሌላ ቀን አልጠየቀችኝም። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር እንቅልፌ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታውቃለች፤ ድመት ስታልፍ የምነቃ ሰው ነኝ።

ኅዳር 3
—

ሣህሊቱ ደወለች። «ጋሼ፣ አገኙልኝ?»

«አላገኘሁም።»

«ምን አሉ? ጮክ ይበሉ፣ ስልክ አይሰማኝም።»

«አላገኘሁም!»

«እ?»

«አላገኘሁም አልኩሽ እኮ!»

ጎረቤቱ ግድግዳ ደበደበ። ውሸት ዋሽቼ አውቃለሁ፤ ጮኼ ዋሽቼ ግን አላውቅም ነበር። ቀና ስል ሶሊያና ቁልፏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«እሑድ ሎንግ ቢች ድራይቭ አደርግሃለሁ» አለች።

ኅዳር 8፣ እሑድ
ማታ ነው። ትርሲት ለካችኝ፤ ቁጥሩን አልነገረችኝም።

መንገዱ ላይ ሶሊያናን ሁለት ጊዜ ለማሳቅ ሞከርኩ። ለመጨረሻው ቀልዴ «አባባ፣ ዛሬ ዝም በል፣ ፕሊስ» አለች።

የሣህሊቱ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ ወደ ወደቡ ያያል። ሶሊያና ማዳመጫውን በቀኝ ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ሣህሊቱ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ መስመሩን ተከተለች። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። ጣቷ «ፉጨት» የሚለው ጋ ደረሰና ቆመ። እዚያው ቀረ። ዘፈኑ አልቆም ጣቷ እዚያው ነው።

ማዳመጫውን አወለቀች።

«አንተ ማፏጨት አትችልም ነበር።»

አንቱታው ወደቀ።

«አልችልም።»

«ልጆቹ ሁሉ ይስቁብህ ነበር።»

«ይስቁብኝ ነበር።»

«መጨረሻ ላይ ‘ሰው ይሰማል’ የሚለው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። መቅጃው የኔ ነበር።»

ደብተሩን ዘጋች። ጆሮዋን አስጠግታ፣ አፌን እያየች ጠየቀችኝ።

«ያን ዕለት ማታስ? ሰማኸው?»

የትኛው ዕለት አላለችም። ለዚህ ጥያቄ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ መልስ ነው ያዘጋጀሁት፤ ተኝቼ ነበር። አፌን ስከፍት ሌላ ወጣ።

«ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም።»

ደብተሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«መጀመሪያ እኛ በር ላይ ነበር ያፏጨው» አለች። «የቀበሌ ታጣቂዎች ቤታችንን ይጠብቁት ስለነበር እናቴ አልከፈተችም። እኔም ልጮህ ስል አፌን ያዘችኝ። ከዚያ ወደናንተ ሲሄድ እግሩን ሰማን። ‘ወንድምአገኝ ይከፍትለታል’ አለች። እስክትሞት ድረስ እንደዚያ ነበር የምትለው። ከፍቶለታል፣ በጓሮ አሳልፎታል፣ ሱዳን ገብቷል፣ አንድ ቀን ይጽፋል። ፍትሐት እንኳ አላስደረገችለትም። ‘በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ኃጢአት ነው’ ትል ነበር።»

እዚህ ጋ ዝም ማለት እችል ነበር። ሱዳንን ልተውላት እችል ነበር። ሶሊያና ምንጣፉን እያየች ነው።

«መቀርቀሪያው ላይ እጄን አድርጌአለሁ» አልኩ። «ቀዝቃዛ ነበር። አልከፈትኩም። ሦስት ጊዜ አፏጨ። ከዚያ መኪና መጣ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። በእግሩ ነው ሄዶ የገባላቸው፤ ስሜን አልጠራም። ቢጠራኝ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ያውቁ ነበር።»

«ሱዳን የለም በለኛ።»

«የለም።»

አላለቀሰችም። አንድ ቀን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት እንደምትቀመጠው ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ከዚያ ማዳመጫውን አንስታ ሶሊያናን «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አለቻት። ስድስት ጊዜ ሰማችው። እኔ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዳልሟሟ ጨው ተቀምጬ መርከቦቹን ቆጠርኩ።

ስንወጣ እስከ ደረጃው ሸኘችን። «ጋሼ፣ ደረጃው ያዳልጣል፤ ይጠንቀቁ» አለችኝ። አንቱታው ተመልሷል። ይቅርታ ይሁን ርቀት ይሁን አላወቅሁም።

ኅዳር 10
150 በ92።

ለትርሲት ነገርኳት። ሁሉንም። የግፊት መለኪያውን እንደያዘች ሰማችኝ።

«እና እማዬ ማንን ነበር የምትወደው?»

እሷን የሚያስቅ ነገር ፈለግሁ። ሁልጊዜ አንድ አላጣም ነበር።

«አንቺን» አልኩ። እውነት ነው። የጠየቀችኝ ግን እሱን አይደለም።

ኅዳር 12
ትርሲት አላናገረችኝም። ለካችኝ ግን። እጄን ስታስር ጠበቅ አደረገችው።

የሚካኤል ቀን ነው። ዓመት ሞላት።

ኅዳር 15
147 በ90።

ሙት ዓመቱ ትናንት ሆነ። ሣህሊቱ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የመጣችው፤ ገና ትናንት እንደተረዳ ሰው። ወደ ቄሱ ሄዳ የወንድሟን የክርስትና ስም ሰጠቻቸው። ጸሎቱ ላይ ሁለት ስም ተጠራ፦ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ። ጎን ለጎን። እኔ መሃላቸው ቆሜ አሜን አልኩ።

ምሳ ላይ ሶሊያና ዘፈኑን ከማስጀመሯ በፊት ተነሣሁ።

«ወንድ ሆኖ የሚዘፍነው እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ዘርዓብሩክ ይባላል። ጓደኛዬ ነበር። ደጄ መጥቶ አልከፈትኩለትም።»

አድማሱ ሳያስበው «ታዲያ እኔ ሴት የሆንኩት ለማን ነው?» ሊል አፉን ከፍቶ መለሰው። አየሁት። ስለመለሰው ወደድኩት።

ዘፈኑ ተከፈተ። ሶሊያና ከበስተኋላ ስክሪኑ ላይ ጽፋዋለች፤ ሴት፦ ፅጌ። ወንድ፦ ዘርዓብሩክ። ከታች በትንሹ፣ መቅጃውን የያዘው፦ ወንድምአገኝ። የኔን ባላወጣችው ደስ ባለኝ። እሷ ግን ሥራዋን ታውቃለች።

ፉጨቱ ሲደርስ ሣህሊቱ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዞረች። ከዚያ በሁለት ጣቷ አብራው አፏጨች። ደካማ ነበር፤ ግን ልክ ነበር። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። እኔን አላየችኝም።

ኅዳር 19
140 በ86።

ወፏ ዛሬም አለች። ወይም ወፍ ያልሆነው።

ከአድማሱ ተመልሼ ቤት ደረስኩ። ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነው። አላወጣሁትም። ጥርሴን አውልቄ በመሐረብ ያዝኩና፣ በሩ ፊት ቆሜ፣ ሁለት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ሞከርኩ። ነፋስ ብቻ። እንደገና ሞከርኩ። ነፋስ። ሦስተኛውን ጀምሬ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ። ትርሲት ናት፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች።

«አባዬ! ቁልፍህን ረሳህ?»

«አልረሳሁም። እንዴት አወቅሽ መኖሬን? አላንኳኳሁም እኮ።»

«ትንፋሽህ ይሰማል» አለችና ወደ ጎን ቆመችልኝ። «ግባ፣ ብርድ ነው።»